«ሞታለች» የተባለችው ዙር፦ ኮምቦልቻ ላይ በመኪና ዳታ የዙር ሰዓት የማሻሻል አንድ ጉዳይ

መነሻ

መኪና የሚወዱ ልጆች ደጋግመው አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ኦቢዲ በሚባለው፣ የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ በሚወጣበት ሶኬት ላይ የምትሰካዋን ትንሽ ዕቃ ገዝተዋል። ስልካቸው ላይ አፕ ጭነዋል። በየዙሩ ዳታ ይቀዳሉ። ከዚያስ? ግራፉ ያምራል፣ ሰዓቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ኮምቦልቻ ላይ ያለፍንበት አንድ ጉዳይ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው ብዬ ስለማምን ከነዝርዝሩ ላስቀምጠው። የማንንም ስም አልጠቅስም። ቦታውንም የትኛው ግቢ እንደሆነ አልናገርም፣ ባለቤቱ የሰጠን አምኖን ነው።

ሰዎቹ፣ መኪናዋ እና ግቢው

ሹፌሩ የደሴ ልጅ ነው። እንጀራው ደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሚኒባስ ነው፣ በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ቀን በቀን ይወጣል ይወርዳል። እጁ የተገራ ነው፣ መሪ ላይ አይወራጭም፣ ተሳፋሪ አያንገጫግጭም። መካኒኩ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ መኪናዋም የሳቸው ናት። የኔ ሥራ ዳታውን ማንበብ ነበር።

መኪናዋ ያሪስ ናት። 1.3 ሞተር፣ ማንዋል፣ የፊት ጎማ የምትነዳ። ምንም የተለየ ነገር አልተሠራላትም።

ግቢው የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው፣ ኮምቦልቻ ዳር ላይ። ርዝመቱ 220 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሜትር ገደማ፣ አስፋልቱም ደህና ነው። እሁድ ባዶ ይሆናል። ኮን ደርድረን ወደ 620 ሜትር የሚሆን ዙር አወጣን። ከመነሻው ብዙም ሳይቆይ የኮን ዚግዛግ አለ፣ ከዚያ መጋዘኑ ጋ የእንግሊዝኛ ዩ (U) የመሰለ ጠባብ ኩርባ፣ ከሱ ቀጥሎ ረጅሙ ቀጥታ፣ በቀጥታው መጨረሻ ደግሞ በሩ አጠገብ የሚታጠፍ ኩርባ። ሄልሜትና ቀበቶ ግዴታ ነው። አንድ መኪና ብቻ ይገባል፣ ሌላው ሰው ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ኮኖቹ ከግድግዳው በደንብ ይርቃሉ፣ እሳት ማጥፊያም መነሻው ላይ አለ።

አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር። አስፋልት መንገድ ላይ ሰዓት አንይዝም። ሐረጎ ላይ በግ አለ፣ ልጅ አለ፣ ፍሬኑ የደከመ የጭነት መኪና አለ። አንዳንድ ልጆች ከደሴ ኮምቦልቻ በስንት ደቂቃ እንደወረዱ ሲያወሩ እሰማለሁ፣ በጣም ያናድደኛል። ይህ ጽሑፍ ለነሱ አልተጻፈም።

የቦታው ከፍታም ለነገሩ ሁሉ ወሳኝ ነው። ኮምቦልቻ ከባህር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ የኛ ያሪስ እዚህ ከአንድ ስድስተኛ በላይ ጉልበቷን ትታ ነው የምትሮጠው። ደሴ ላይ ቢሆን ከዚህም ይብስ ነበር። ደካማ ሞተር ደግሞ ኩርባ ላይ የጠፋ ፍጥነት ቶሎ አይመልስልህም። ይህን ያዙልኝ።

ችግሩ

ሹፌሩ መጀመሪያ አካባቢ ዙሩን በ49 እና በ51 ሰከንድ መካከል ይጨርስ ነበር። ከዚያ ቆመ። በደንብ እየነዳ ነው፣ ኮን አይመታም፣ ግን ሰዓቱ አይወርድም። ሲጠየቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ፍሬን ዘግይቼ መያዝ አለብኝ።» ጋሼ ደግሞ «ጎማው ነው ልጄ፣ በዚህ ጎማ ከዚህ በላይ አይኬድም» ይሉ ነበር። ሁለቱም በግምት ነው የሚያወሩት፣ ሁለቱም ግን እርግጠኛ ነበሩ።

ሌላው ችግር ነዳጅ ነው። ቤንዚን በወረፋ በሚገኝበት ሰዓት ቀኑን ሙሉ እየዞሩ መለማመድ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር የሆነ ነገር ማስተማር ነበረበት። ወደ ዳታው የሄድነው በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያውን ማስተካከል

የመጀመሪያው ዳታ ዋጋ አልነበረውም ማለት ይቻላል። የስልክ ጂፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አንዴ ነው ቦታ የሚሰጠው። መኪናዋ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአንድ ሰከንድ 12 ሜትር ተኩል ትጓዛለች። ጠባቡ ኩርባ በጠቅላላው የዚህ ሁለት እጥፍ ገደማ ቢሆን ነው። ማለትም ኩርባው ውስጥ የተደረገው ነገር አብዛኛው በጥቂት ነጥቦች መካከል ጠፍቶ አፑ በራሱ ግምት መስመር ያሰምርበታል፣ አንተ ደግሞ ያንን ግምት እያየህ ትከራከራለህ። በዚያ ላይ መስታወቱ ላይ የተሰቀለው ስልክ የኮምቦልቻ ፀሐይ ሲያገኘው ግሎ ይጠፋል።

ኦቢዲውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ርካሹ ዕቃ መኪናውን የሚጠይቀው አንድ በአንድ ነው። የውሃ ሙቀት፣ የአየር መጠን፣ የባትሪ ቮልት፣ የሞተር ዙር እያልክ ብዙ ነገር ካዘዝከው እያንዳንዱ ተራው እስኪደርስ ይቆያል፣ ነዳጅ የረገጥክበት ሰዓትም ተዛብቶ ይመዘገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ መደበኛው ኦቢዲ ፍሬን ምን ያህል እንደተረገጠ ወይም መሪ ምን ያህል እንደዞረ አይሰጥህም። እሱን ከሌላ ነገር ነው የምታወጣው።

ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግብ የውጭ ጂፒኤስ ከአዲስ አበባ አስመጣን፣ ጣሪያው መሀል ላይ በማግኔት ተቀመጠ። አሁን በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ከኦቢዲው የምንጠይቀውን ወደ ሁለት ቀነስን፦ የነዳጅ ፔዳልና የሞተር ዙር። ፍጥነቱን ከጂፒኤስ፣ ፍሬኑን ደግሞ ከፍጥነቱ መቀነስ አወጣነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የቀነሰውን ፍጥነት በሜትር በሰከንድ ወስደህ ለ9.8 ስታካፍለው የፍሬኑን ጉልበት በጂ፣ ማለትም ከመሬት ስበት ጋር ተነጻጽሮ ታገኛለህ። ለኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ጂፒኤስ ቦታን ሲናገር ሁለት ሦስት ሜትር ሊስት ይችላል፣ ፍጥነትን ሲናገር ግን በጣም የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነቱን የሚያወጣው ከሲግናሉ የድግግሞሽ ለውጥ ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ «እዚህ ጋ ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተሃል» እያልን አልተጨቃጨቅንም። የምናየው አንድ ግራፍ ነው፦ ወደ ጎን ርቀት፣ ወደ ላይ ፍጥነት። ሁለት ዙሮችን ደርቦ ማየት። መስመር የሚታየው በሌላ መንገድ ነው፣ ኮኑ ሥር በኖራ ምልክት አድርገን ጎማው የት እንዳለፈ ከአጥር ውጭ ሆኖ በማየት።

«ሞታለች» የተባለችው ዙር

ጉዳዩን ሁሉ የቀየረው ነገር የመጣው አንድ እሁድ ጠዋት ነው።

ሹፌሩ በተከታታይ ዞሮ ሲጨርስ መኪናዋን አቆመና ወረደ። ላፕቶፑን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥን፣ ፀሐይዋ እስክሪኑን ስላጠፋችው ጋሼ ጋቢያቸውን ዘርግተው ከላይ ከለሉልን፣ ሦስታችንም ራሳችንን ጋቢው ሥር አስገባን። ሹፌሩ ገና ግራፉ ሳይከፈት «ሦስተኛዋን ተዋት፣ እሷ ሞታለች። መጋዘኑ ጋ ፈርቼ ቀድሜ ፍሬን ያዝኩ» አለኝ።

ሰዓቱን አየነው። ሦስተኛዋ 48.9 ናት። የቀኑ ፈጣኗ እሷ ነበረች። «በቃ አሁን አበድኩ» የምትለው፣ ጎማ ያስጮኸባት፣ ደሙ የሞቀባት ዙር 49.3 ነበረች።

«ዳታው ተሳስቷል» አለ። በስልክ ሰዓት የያዘው ልጅ ተጠራ፣ የሱም ቁጥር ያንኑ ይላል።

ሁለቱን ዙሮች ደረብናቸው። መጋዘኑ ኩርባ ጋ ታሪኩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በፈጣን በመሰለችው ዙር ሹፌሩ ፍሬን የያዘው 6 ሜትር ያህል ዘግይቶ ነው፣ እዚያች ላይ ወደ አንድ ተኩል አሥረኛ ሰከንድ አትርፏል። ግን ስለዘገየ ኩርባው ውስጥ ገና ፍሬን እየያዘ ነው። የፊት ጎማው ማቆምም ማዞርም በአንድ ጊዜ ተጠየቀ፣ አልቻለም፣ መኪናዋ በፊቷ ወደ ውጭ ተገፋች። ዝቅተኛው ፍጥነት 27 ኪሎ ሜትር ደርሷል፣ እሱም መሀለኛውን ኮን ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ መሪው እስኪቃና ጠበቀ፣ ነዳጅ ሙሉ የረገጠው ቀጥታው ከተጀመረ በኋላ ነው።

«ሞታለች» ባላት ዙር ዝቅተኛው ፍጥነት 30 ነው፣ የደረሰውም መሀለኛው ኮን ሳይደርስ ነው። ነዳጁ 8 ሜትር ቀድሞ ተረግጧል። ቀጥታው ሲጀመር በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ፈጥኗል፣ ይህቺ ብልጫ ደግሞ እየጠበበች ቢሆንም እስከ ቀጥታው መጨረሻ አብራው ሄዳለች። መግቢያው ላይ የከፈላትን ተቀብሎ ግማሽ ሰከንድ ያህል መለሰለት።

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ጋቢው ሥር ሆነን ነው የሠራነው። መኪናዋ እዚህ በሁለተኛ ማርሽ በሰከንድ ወደ 1.9 ሜትር በሰከንድ ነው የምትጨምረው። በ32 ኪሎ ሜትር ጀምራ 100 ሜትር ለመጨረስ 6.6 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። በ36 ከጀመረች 6.3 ገደማ። ሦስት አሥረኛ ሰከንድ፣ ምንም ድፍረት ሳይጨመር። ጉልበታም መኪና ቢሆን ልዩነቱ ያንስ ነበር። ለዚህ ነው ከፍታውን ያዙልኝ ያልኩት፤ እዚህ አገር ላይ ከኩርባ የምትወጣበት ፍጥነት ሌላ ቦታ ካለው የበለጠ ዋጋ አለው።

ሹፌሩ ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ ለምን ቀስ ያልኩ መሰለኝ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትልቅ ነው። ሰውነታችን የሚሰማው ፍጥነቱ ሳይሆን መንገጫገጩ ነው። ዘግይቶ ፍሬን መያዝ፣ የጎማ ጩኸት፣ መሪ ላይ መታገል፣ ይህ ሁሉ ፈጠንኩ ያሰኛል። ለስላሳ ዙር ደግሞ ምንም ስለማይሰማህ የዘገየህ ይመስልሃል። ይህን ያለ ዳታ ለማሳመን ብሞክር ኖሮ እስከ ዛሬ እንጨቃጨቅ ነበር።

ቀጥሎ ያደረግነው አንድ ነገር ብቻ ነው። «መጋዘኑ ጋ 5 ሜትር ቀድመህ ፍሬን ያዝ፣ ከውጭ በኩል ሰፋ አድርገህ ግባ።» ሌላ ምንም አልነገርነውም። የኩርባውን ሬዲየስ ከ9 ሜትር ወደ 11 ሜትር ማስፋት በዚያው ጎማ ከ28 ወደ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፣ ምክንያቱም ጎማው የሚችለው የጎን ጉልበት የፍጥነት ካሬ ለሬዲየስ ሲካፈል ነው። ለሹፌሩ ግን ቀመር አላስፈለገውም። የኖራ ምልክት አስቀመጥንለት፣ በቃ።

በሩ ጋ የሚባክነው ሰዓት

ሁለተኛው ግኝት ነዳጅ ፔዳሉን ስናይ የመጣ ነው። በረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ሹፌሩ ነዳጅ ለቆ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ 0.9 ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ75 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ወደ 19 ሜትር ነው። 19 ሜትር ሙሉ መኪናዋ ነዳጅም ፍሬንም ሳይነካት ዝም ብላ ትሄዳለች።

ለምን? የሞተር ዙሩ መልሱን ሰጠን። ቀጥታው አጋማሽ ላይ ወደ ሦስተኛ ይቀይራል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቀድሞ ወደ ሁለተኛ ይመልሳል፣ ከዚያ ነው ፍሬን የሚይዘው። ይህ የሚኒባስ ልማድ ነው። ሐረጎን ስትወርድ ነዳጅ ቀድመህ ትለቃለህ፣ ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ትይዛለህ፣ ፍሬኑን ታሳርፈዋለህ፣ ተሳፋሪውም አይደነግጥም። ትክክለኛ አነዳድ ነው፣ እንዳይተወውም ነግሬዋለሁ። ግን የሰከንድ ሽራፊ በሚለቀምበት ግቢ ውስጥ ያው ልማድ ያስከፍላል። ጥሩ ልማድ ሁሉ ቦታ አለው።

መፍትሔው ማርሹን ጨርሶ አለመቀየር ነበር። እስከ ቀጥታው መጨረሻ በሁለተኛ። ሹፌሩ ሞተሩ ሲጮህበት ጨነቀው፣ «ጋሼ ይፈነዳል እኮ!» አለ። ጋሼ ቁጥሩን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ቀጥታው መጨረሻ ላይ የሞተሩ ዙር በደቂቃ 5,400 አካባቢ ነው፣ ቀዩ መስመር ገና ነው። «ርገጥ፣ ሞተሩ የኔ ነው» አሉት። በዚያች ቃል ከማርሹ ተገላገለ። እግሩ ከነዳጅ በቀጥታ ወደ ፍሬን መሄድ ሲጀምር የባከነው ጊዜ ወደ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ወረደ።

ያልሠሩት ነገሮች

የሌላ ሰው ዳታ መቅዳት አልሠራም። አንድ የታወቀ ጎበዝ ሹፌር መጥቶ በዚያችው መኪና ዞረልን፣ የሱን ግራፍ ለኛ ልጅ እንደ አብነት ሰጠነው። ሰውዬው ዚግዛጉ ላይ መሪ የሚጠቀምበት መንገድ ፍጹም ሌላ ነው። ልጁ ሲኮርጀው ዘገየ፣ ተናደደም። በኋላ የራሱን ምርጥ ዙር ከራሱ አማካይ ዙር ጋር ማወዳደር ስንጀምር ነው ነገሩ የተስተካከለው። አንድ ጊዜ ያደረግከውን ነገር ደግመህ ማድረግ ትችላለህ፣ የሰው እጅ ግን አይዋስም።

አፑ «ልትደርስበት የምትችለው ምርጥ ሰዓት» ብሎ የሚሰጠው ቁጥርም አሳሳች ነው። ከየክፍሉ ምርጡን እየለቀመ ይደምራል። ነገር ግን ወደ መጋዘኑ መግቢያ ላይ ምርጥ የሆነው ክፍል ቀጥታውን የገደለው ክፍል ነው። ሁለቱን በአንድ ዙር አታገኛቸውም። እኛ ክፍሎቹን እንደገና ከፈልናቸው፦ ኩርባውና ከሱ ቀጥሎ ያለው ቀጥታ አንድ ክፍል ሆነ። ያኔ ቁጥሩ እውነት መናገር ጀመረ።

የጎማ ንፋስም አንድ ጊዜ አምታቶን ነበር። ከ32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ወደ 36 ከፍ ሲደረግ ሰዓቱ ወረደ፣ ሁሉም ተደሰተ። ያ ሙከራ ግን ጠዋት ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ያለቀ ነው። ጎማ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ ወደ አንድ ፒኤስአይ ይጨምራል፣ አስፋልቱም ይግላል፣ ሹፌሩም እጁ ይፈታል። የትኛው ነው የሠራው? ሌላ ቀን እንደገና ስንሞክረው በ32 ጀመርን፣ ወደ 36 ወጣን፣ ከዚያ ተመልሰን ወደ 32 ወረድን። መመለሱ ነው ዋናው። ሰዓቱ አብሮ ተመልሶ ሲጨምር ጊዜ ንፋሱ በእርግጥ እንደረዳ አመንን፣ ግን የረዳው መጀመሪያ ካሰብነው በጣም ያነሰ ነው። ጋሼ ጎማው ነው ሲሉ እንግዲህ ጥቂት እውነት ነበራቸው።

ፍሬኑ

ይህኛው ክፍል ከዙር ሰዓቱ በላይ ለኔ ዋጋ አለው።

አንድ ቀን የፍሬኑን ጉልበት በየዙሩ ስመለከት መጀመሪያ 0.75 ጂ የነበረው ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። 0.72፣ 0.68፣ ከዚያ 0.6። ሹፌሩ ምንም አልተሰማውም። እግሩ ሳያውቀው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይረግጥ ስለነበር ፔዳሉ መርዘሙን ያስተዋለው አስቁመነው ስንጠይቀው ነው። ጋሼ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አደረጉና ፊታቸው ተቀየረ። «ዘይቱ ነው» አሉ። መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ አልተገኘም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉ መሬት ይነካል። በባዶ ግቢ ውስጥ ይህ ከአንድ ኮን በላይ ጉዳት የለውም። ሐረጎ ላይ፣ ሰው በሞላ ሚኒባስ፣ ቁልቁለት ላይ ሲሆንስ?

የያሪሷ ዘይት በዶት 4 ተቀየረ፣ ሸራውም ታየ። ሹፌሩ ግን በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳይወጣ ሚኒባሱን ጋሼ ጋራዥ አስገባ። የዚያም ዘይት ጠቁሮ ነበር። ከዚህ ሁሉ ልፋት ሌላ ምንም ባይገኝ ይህቺ ብቻ ትበቃኝ ነበር።

ውጤቱ

የሹፌሩ ምርጥ ሰዓት ከ48.9 ወደ 47.2 ወረደ። ከዚያ በላይ ደስ ያለኝ ሌላው ነው፦ ድሮ ዙሮቹ በሁለት ሰከንድ ይራራቁ ነበር፣ አሁን አብዛኛውን ጊዜ ከ47.4 እስከ 47.9 ባለው ውስጥ ይመላለሳል። ከተገኘው 1.7 ሰከንድ ውስጥ 0.7 ያህሉ የመጋዘኑ ኩርባና ቀጥታው ነው። 0.4 ያህል በሩ ጋ፣ 0.3 ያህል ዚግዛጉ ላይ ነው። የቀረው የጎማ ንፋስ ይመስለኛል። ፍሬን ዘግይቶ መያዝ፣ ያ ሁሉ የተወራለት፣ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሌላ ቦታም የሚሆነው

መጀመሪያ ተመሳሳይ ዙር መዞር ልመዱ። ዙሮችህ በሁለት ሰከንድ እየተራራቁ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ስለሚሰጥ ለውጥ ማውራት አይቻልም፣ ለውጡ በወከባው ውስጥ ይሰጥማል። ሹፌሩ የተሻሻለው መፍጠን ሲተውና መድገም ሲጀምር ነው።

ሹፌሩ ግራፉን ከማየቱ በፊት ስለ ዙሩ የተሰማውን ይናገር፣ ተጽፎም ይቀመጥ። «ሞታለች» የምትለዋ ቃል ቀድማ ባትነገር ኖሮ ሦስተኛዋን ዙር እንደ ማንኛዋም ዙር እናልፋት ነበር። ስሜቱና ቁጥሩ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው።

ዳታ ስታነቡ ከረጅሙ ቀጥታ በፊት ካለው ኩርባ ጀምሩ። ዕቃ ስትገዙም ብዙ ነገር የሚመዘግበውን ትታችሁ ጥቂት ነገር በፍጥነት የሚመዘግበውን ውሰዱ፤ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚለካ ፍጥነት በሰከንድ አንዴ ከሚመጣ የቁጥር መዓት ይሻላል። ለሹፌር ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትንገሩት። ሦስት ነገር ይዞ የገባ ሹፌር አንዱንም ሳያደርግ ነው የሚወጣው፣ እናንተም ያኛው ይሁን ይኼኛው የሠራው አታውቁም። ለውጥ ከሠራ ደግሞ መልሳችሁ አፍርሱትና እዩት።

ፍሬኑን የምትለኩት ለሰዓት ብላችሁ ቢሆንም ለደህንነት አንብቡት። የፍሬን ጉልበት በየዙሩ እየወረደ ከሆነ መኪናዋ ትቁም።

ገና የቀረው

ዚግዛጉ ቢሻሻልም ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። እዚያ ላይ ሹፌሩ ከራሱ ምርጥ ዙር ጋር ሲወዳደር ምንም ልዩነት አይታይም፣ ያ ጎበዝ ሹፌር ግን በዚያችው መኪና ከሱ ሁለት አሥረኛ ቀድሞ ይወጣል። የፍጥነቱ ግራፍ ሁለቱን በጣም አቀራርቦ ያሳያቸዋል፣ ለምን እንደሚለያዩ ግን አይነግረንም፣ ስለዚህ ልዩነቱ መሪው ላይ ነው ብለን እናስባለን፣ መሪውን ደግሞ አንለካም። ጋሼ መሪው ዘንግ ላይ የሚታሰር ተለዋዋጭ ሬዚስተር ከአሮጌ ቴፕ የድምፅ መጠን መጨመሪያ ፈትተው አምጥተዋል፣ አሁን ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚቀጥለው ሥራ እሱን ከጂፒኤሱ ጋር በአንድ ሰዓት ማስመዝገብ ነው።